የፖሊስ ሥልጣንና የመዝገቡ ነገር

መንግሥት ለሠራተኞቹ ከሚሰጣቸው ሥልጣኖች መካከል እንደ ፖሊስ ሥልጣን ለሕዝቡ ኑሮ የቀረበ የለም። ግብር አስከፋዩ ከሰው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዳኛውም ግራ ቀኙን ሰምቶ፥ ጽፎና መርምሮ ይፈርዳል፤ ፖሊስ ግን በአንዲት ቃል ሰውን ከእርሻው ወይም ከገበያው አንሥቶ ይወስደዋል። ይህ ሥልጣን ከሌለ ደካማው በጉልበተኛው እጅ ይወድቃል፤ መንገድም ይዘጋል፤ ነጋዴም ከቤቱ አይወጣም። ይህ ሥልጣን ጠያቂ ካጣም ደካማው ያው በጉልበተኛ እጅ እንደ ወደቀ ይቀራል፤ የሚለየው ጉልበተኛው የመንግሥት ልብስ መልበሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ፖሊስ ሥራ አመራር የሚነሣው ጥያቄ ፖሊስ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም፤ ፖሊስ ለሠራው ሥራ መልስ የሚሰጠው ለማን ነው፥ መልሱስ በምን ይታወቃል የሚል ነው እንጂ።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ሕግን ማክበር የተማረው የደንብ ልብስ ከለበሰ ሰው አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ መንገደኛው ማንም ይሁን ማን «በሕግ አምላክ» ባላቸው ጊዜ ይቆሙ ነበር፤ ነገራቸውንም ለእርሱ ተናግረው፥ ካልተስማሙ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፥ አንዱ የአንዱ ቁራኛ ሆኖ ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ባልታወቀ ጊዜም የአገሩ ሰው በአፈርሳታ ተሰብስቦ፥ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ፈቶ ይቀመጥ ነበር። እነዚህ ልማዶች ብዙ ጉድለት እንደ ነበረባቸው አይካድም። አፈርሳታ በደል የሌለበትን ገበሬ ከእርሻው ያስቀር ነበር፤ ሌባ ሻይ የሚባለውም ልማድ በመድኃኒት የሰከረ ልጅ የወደቀበትን ቤት የሌባ ቤት ያሰኝ ስለ ነበር ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስጠቃ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቁራኛውም አፈርሳታውም አንድ መልካም ነገር ነበረባቸው፤ ይኸውም የሰው መያዝ በአደባባይ፥ በአገሩ ሰው ዐይን ፊት የሚፈጸም መሆኑ ነው። ማን ማንን እንደ ያዘ፥ በምን ነገርና ከመቼ ጀምሮ እንደ ያዘው ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ዘመናዊው ፖሊስ በመጣ ጊዜ የሰው መያዝ ከአደባባይ ወደ ዝግ ቤት ገባ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ የሚባለው የከተማ ጠባቂ ሥራ ጀመረ፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፖሊስ አዋጅ ለመላው የኢትዮጵያ ግዛት አንድ የፖሊስ ኃይል በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አቆመ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሥራውን ከፍሎ ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ሰጣቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሹመቱም፥ መሣሪያውም፥ ትምህርቱም ከዘመን ወደ ዘመን እየተሻሻለ ሄዷል። ሆኖም የአገሩ ሰው ዐይን ወደማያይበት ክፍል ሰው ሲገባ፥ በዚያ ዐይን ፋንታ የቆመው ምን እንደ ሆነ አጥብቆ የጠየቀ ጥቂት ነው። በሕዝቡ ዐይን ፋንታ ሊቆም የሚችል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው።

ሕግ ጎደለ ለማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፥ ማንኛውም ኃላፊም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን በ12ኛው አንቀጽ አዝዟል። በ19ኛውም አንቀጽ የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረው፥ በ48 ሰዓትም ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ደንግጓል፤ በ21ኛው አንቀጽ ደግሞ ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ ከትዳር ጓደኛው፥ ከዘመዶቹና ከሃይማኖት አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ፈቅዷል። ከዚህ አስቀድሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መርማሪው ፖሊስ የሠራውን በየዕለቱ እንዲጽፍ፥ የጊዜ ቀጠሮም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ አዝዞ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለውም የወንጀል ሕግ በ423ኛውና በ424ኛው አንቀጽ ያለ ሕግ ሰውን የሚያስር ሹምና በምርመራ ጊዜ ሰውን የሚያሠቃይ መርማሪ በወንጀል እንዲቀጡ ጽፏል። እንግዲህ ቃሉ የተሟላ ሲሆን ሥራው የሚጎድለው ለምንድን ነው ቢባል፥ መልሱ የሚገኘው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር አይደለም፤ በወረዳው ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ አገር ላይ አስቀምጦ መመልከት ይበጃል። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው የለጋምቦን፥ የቦረናን፥ የከላላንና የወግዲን ደጋ ያያል። አገሩ ሰፊ ሜዳና ብርቱ ብርድ ያለበት ነው፤ ከደጋው ጫፍ ሲደረስ ግን መሬቱ ተሰንጥቆ ወደ ዓባይና ወደ ገባሮቹ ሸለቆ ይወርዳል። የወረዳው ፍርድ ቤትና የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ በወረዳው ከተማ ላይ ናቸው፤ የቀበሌው ሰው ግን ከዚያ የሚደርሰው ገደል ወጥቶ፥ ወንዝ ተሻግሮ ነው። በክረምት ወንዝ ሲሞላ መንገዱ ጭራሽ ይቆማል። እንግዲህ በአንድ የቆላ ቀበሌ በከብት ስርቆት የተጠረጠረ ገበሬ ዓርብ ማታ በቀበሌው ሚሊሻ ተያዘ እንበል። ሌሊቱን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያድራል፤ ቅዳሜና እሑድ አጃቢ እስኪገኝ ይቆያል፤ ሰኞ ተነሥቶ ማታ ወረዳው ከተማ ይደርሳል። የጣቢያው ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ «ሰኞ ማታ ገባ» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት ጻፈ አይባልም፤ በእርግጥ ጣቢያው የገባው ሰኞ ማታ ነውና። ነገር ግን ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ያለው ዘመን ከመንግሥት መጻሕፍት ሁሉ ጠፍቷል። በእነዚያ ሌሊቶች ሰውየው ቢመታ፥ ገንዘቡ ቢወሰድ ወይም ከከሳሹ ጋር በግድ እንዲታረቅ ቢደረግ የሚጠየቅ ሹም አይገኝም፤ በመዝገብ ያልታሰረን ሰው ማንም አልበደለውምና።

ሕገ መንግሥቱ የመንገዱን ችግር አልዘነጋም። 48ቱ ሰዓት ሲቆጠር ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ እንዳይጨመር ፈቅዷል። ይህ ፈቃድ እንደ ከላላና እንደ ቦረና ላለ አገር የተገባ ነው፤ ሳይለካ ሲቀር ግን ለሰነፍ ሹም መጠጊያ ይሆናል። «መንገድ ሩቅ ነው» የሚለው ቃል አንድ ቀንም ሊያክል ይችላል፥ አምስት ቀንም ሊያክል ይችላል። መድኃኒቱም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የወረዳው ፍርድ ቤት፥ ዐቃቤ ሕግና ፖሊስ በአንድነት ተቀምጠው ከእያንዳንዱ ቀበሌ እስከ ፍርድ ቤቱ በበጋና በክረምት ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ በሠንጠረዥ ጽፈው፥ ማኅተም አድርገው በጣቢያውና በፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት ነገሩ ይታወቃል። ገበሬው ራሱ መንገዱን ስለሚያውቀው ሊታለል አይችልም። ከዚያ ወዲያ አንድ እስረኛ በዘገየ ጊዜ ዳኛው የሚጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፤ በሠንጠረዡ የተጻፈው ስምንት ሰዓት ሲሆን አራት ቀን የቆየው ስለምን ነው ይላል።

ከዚህም ጋራ መዝገቡ መጀመር ያለበት በጣቢያው በር ሳይሆን ሰውየውን አስቀድሞ በያዘው እጅ ላይ ነው። የቀበሌ ሚሊሻም ሆነ ፖሊስ አንድን ሰው ሲይዝ የያዘው ማን እንደ ሆነ፥ በየት ቦታ፥ በስንት ሰዓት፥ በማን ትእዛዝና በምን ነገር እንደ ያዘው፥ ሲያዝ የአካሉ ሁኔታ እንዴት እንደ ነበረ፥ ምን ገንዘብና ዕቃ እንደ ተገኘበት፥ ለየትኛውም ዘመዱ እንደ ተነገረ በሁለት ቅጂ መጻፍ ይገባዋል። አንዱ ቅጂ ከእስረኛው ጋር ይሄዳል፤ አንዱ በቀበሌው ይቀራል። ሰውየው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚያስረክበውና የሚረከበው ሁለቱም ይፈርማሉ። መጻፍ የማይችል አጃቢ ቢኖር የጣት አሻራው ይበቃል። ይህ ሲሆን እስረኛው አንድም ሰዓት ያለ ባለቤት አይቀርም።

ይህ አሠራር ለካህናት እንግዳ አይደለም። ማንኛውም የደብር ገበዝ ሲሾም ዕቃ ቤቱን ተረከብ ተብሎ ቁልፍ ብቻ አይሰጠውም። መስቀሉ፥ ጽናው፥ መጻሕፍቱ፥ አልባሳቱ በምስክር ፊት ይቆጠራሉ፤ የተቀደደው የተቀደደ፥ የጎደለው የጎደለ ተብሎ ይጻፋል፤ ሲሻርም በዚያው ቁጥር ያስረክባል። ገበዙ በደብሩ ሰው ዘንድ እጅግ የታመነ ቢሆንም እንኳ ቁጥሩ አይቀርለትም፤ እርሱም ተጠረጠርሁ ብሎ አይቆጣም፤ ቁጥሩ ከሐሜት እንደሚጠብቀው ያውቃልና። እንግዲህ ለብር መስቀል ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፥ በእግዚአብሔር አርአያ ለተፈጠረ ሰው ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግ አይገባም። ፖሊስ ጣቢያ የሰው ዕቃ ቤት ነው፤ የጣቢያውም ኃላፊ ሰውን በቁጥርና በሁኔታ ተረክቦ በቁጥርና በሁኔታ የሚያስረክብ ገበዝ ነው።

መዝገብ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የኢትዮጵያ የቅርብ ታሪክ ራሱ ያስረዳል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌዎችና አብዮት ጥበቃዎች ሰውን ለመያዝ፥ ለመመርመርና ለመግደል ሥልጣን ተሰጥቷቸው ነበር። ልጁ የት እንደ ገባ ሊጠይቅ የመጣ አባት መልስ የሚሰጠው ሰው አያገኝም ነበር። ይሁን እንጂ ከደርግ መንግሥት መውደቅ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ክሱን ሲያቀርብ በምስክር ቃል ብቻ አልቆመም፤ ባለሥልጣኖቹ በፊርማቸውና በማኅተማቸው ያስተላለፏቸው ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተገኝተው ማስረጃ ሆኑ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት የቀድሞዎቹን መሪዎች ጥፋተኞች ናቸው ብሎ ሲፈርድ ወረቀቱ ሠላሳ ዓመት ጠብቆ መሰከረ። በዚያ ዘመን በቃል ብቻ የታዘዘው ግን ከአዛዡና ከታዛዡ ጋር ተቀብሮ ቀርቷል። ማዕከላዊ እየተባለ ይጠራ የነበረው የምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ሲዘጋ፥ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ በእስረኞች ላይ ሥቃይ አድርሰዋል የተባሉ የጸጥታ ሠራተኞች ሲያዙ ሕዝቡ ደስ ብሎት ነበር። ነገር ግን ቤት መዝጋት አሠራርን መዝጋት አይደለም፤ ያልተጻፈ እስር በየትኛውም ቤት ሊኖር ይችላልና።

የሥራ አመራር ጉድለት በእስር ክፍል ብቻ አይወሰንም፤ ወደ ላይ በሚሄደው ሪፖርት ውስጥም ይገባል። የወሎ ሰው ይህን ከሌላው ይልቅ ያውቃል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ረኀብ ሲጸና የሕዝቡ መከራ ተሸፋፍኖ ቆየ፤ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽንም አስቀድሞ ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የወሎ ረኀብ አያያዝ ነበር። የላይኛው ሹም የሚወደውን ብቻ የሚሰማ ከሆነ የታችኛው ሹም የሚወደደውን ብቻ ይጽፋል። በፖሊስም ሥራ ነገሩ እንደዚሁ ነው። አንድ የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በሩብ ዓመት የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ብዙ ስለ ሆነ ብቻ ከተመሰገነ፥ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ብዙ ሰው መያዙ አይቀርም፤ የተያዙት ግን ወንጀለኞች ይሁኑ አይሁኑ ቁጥሩ አይናገርም። «ጸጥታው የተሟላ ነው» የሚል ሪፖርት የሚያስሾም ከሆነም የተሰረቀበት ሰው አቤቱታ እንዳይመዘገብ ይደረጋል፤ ያልተመዘገበ ስርቆት አልተፈጸመምና። ስለዚህ የበላይ ኃላፊ ሊጠይቀው የሚገባው የተያዘውን ሰው ብዛት ሳይሆን ከተያዙት ስንቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ፥ ስንቱ ያለ ክስ እንደ ተለቀቀ፥ ከቀረቡት አቤቱታዎች ስንቱ መልስ እንዳገኘ ነው። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከመዝገቡ ሳይወጡ የቀረበ ሪፖርት ወደ መጣበት ሊመለስ ይገባዋል።

ሌሎች መንግሥታት በዚህ መንገድ የሠሩት ሥራ ለትምህርት ይሆናል። የሎንዶን ከተማ ፖሊስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እያንዳንዱ ፖሊስ ቁጥሩን በልብሱ አንገት ላይ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ የተበደለ ሰው የፖሊሱን ስም ባያውቅ ቁጥሩን ያያልና። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ደግሞ እስረኛውን የሚጠብቀው መኮንንና ነገሩን የሚመረምረው መኮንን የተለያዩ እንዲሆኑ፥ ጠባቂውም ስለ እስረኛው የተደረገውን ሁሉ በሰዓቱ እንዲጽፍ ተደነገገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መርማሪው የእምነት ቃል ስለሚፈልግ እስረኛው ቢጨነቅ ይጠቀማል፤ ጠባቂው ግን በእስረኛው ጭንቀት የሚያገኘው ጥቅም የለም። ጎረቤት አገር ኬንያም በ2004 ዓ.ም. ከፖሊስ ውጪ የሆነ ነጻ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በሕግ አቋቁማለች። ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም እንዲቋቋሙ አድርጋለች፤ የኮሚሽኑም ሥልጣን በ2012 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ ጠንክሯል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚላክ ተቆጣጣሪ ወደ ዓባይ ጫፍ የሚደርሰው በዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን ነው። በየቀኑ የሚደርሰው የጣቢያው ተረኛ መኮንን ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የወረዳ ጣቢያ ቢያንስ አንድ ሰው ከምርመራ ሥራ ተለይቶ የእስረኛ መዝገብ ኃላፊ እንዲሆን ማድረግ፥ ትልቅ መሥሪያ ቤት ከመሥራት ይልቅ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል።

«ይህ ሁሉ ለሰላም ጊዜ መልካም ነው፤ በጦርነት ጊዜ ግን ፖሊስ ሕይወቱን ያድን ወይስ ይጻፍ?» የሚል ክርክር አይጠፋም። ክርክሩ ከባድ ነው፤ የአማራ ክልል ያለፈበትን መከራ ያየ ሰው ንቆ ሊያልፈው አይችልም። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱና አባሎቻቸው ወደ መከላከያ፥ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ መንግሥት መወሰኑን አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁም አንድ ጊዜ ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም. ዘመኑ አበቃ። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰውን ለመያዝ ፈቅዶ ነበር። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በ93ኛው አንቀጽ ያስቀመጠውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚያ አንቀጽ መሠረት ሰው ኢሰብአዊ ከሆነ አያያዝ የሚጠበቅበት 18ኛው አንቀጽ በአስቸኳይ ጊዜም እንኳ አይታገድም፤ መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል፤ ቦርዱም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት ለሕዝብ እንዲገልጽ ታዟል። ሕግ አውጪው ብዙ መብቶች የሚታገዱበትን ዘመን ሲያስብ የስም ዝርዝሩን ግን አላገደውም። ስም ያልተጻፈ ከሆነ ደግሞ ስሙን ለሕዝብ የሚገልጽ ቦርድ ከየት ያመጣዋል? እንግዲህ መዝገብ የሰላም ጊዜ ጌጥ ሳይሆን በክፉ ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልግ ነገር መሆኑን የአገሪቱ የበላይ ሕግ ራሱ መስክሯል። ከውጊያ ወደ ፖሊስ ሥራ የተሻገረ ሰውም ሊማረው የሚገባው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ በውጊያ ላይ ጠላት ይማረካል፥ በፖሊስ ሥራ ግን የሚያዘው የአገር ልጅ ነው፤ ፍርዱም ገና አልተሰጠም።

ስለ ፖሊሱ ራሱ የሚባለው ነገርም መዘንጋት የለበትም። ብዙው ፖሊስ በትንሽ ደመወዝ፥ ከቤተሰቡ ርቆ፥ ሌሊት በብርድ የሚያድር ታማኝ የመንግሥት አገልጋይ ነው። ክፉ አለቃ በቃል ያዘዘውን ፈጽሞ፥ ነገሩ ሲበላሽ ብቻውን የሚከሰሰውም እርሱ ነው። ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲሆን ማድረግ እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ታናሽ ፖሊስ ያድናል፤ ሕጋዊ ያልሆነ ነገር የሚያዝ አለቃ ፊርማውን ለማኖር ይፈራልና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አሮጌ ተረት በሹማምንት ዘንድ ብዙ ጥፋት አድርሷል። ተረቱን የሚሽረው ስብከት ብቻ አይደለም፤ ሹመት በችሎታና በመዝገብ በተረጋገጠ ሥራ ሲሰጥ፥ ዝውውርም የቅጣት ወይም የወገን ጉዳይ መሆኑ ሲቀር፥ ደመወዙም ለኑሮ የሚበቃ ሲሆን ተረቱ ራሱ ይሞታል። ዮሐንስ መጥምቅ ወደ እርሱ የመጡትን ጭፍሮች ከግፍና ከሐሰት ክስ እንዲርቁ፥ በደመወዛቸውም እንዲረኩ መምከሩን ካህናት ያስተምራሉ። መንግሥት በበኩሉ ያ ደመወዝ የሚያረካ እንዲሆን የማድረግ ዕዳ አለበት።

በወሎ ሌላም ነገር አለ። እስላሙና ክርስቲያኑ ተዋዶ በሚኖርበት በዚያ አገር ሽማግሌዎችና የዕርቅ አባቶች ደም ያደርቃሉ፤ የነፍስ ገዳይንና የሟችን ወገን ያስታርቃሉ፤ ቂም ከልጅ ወደ ልጅ እንዳይወርድ ያደርጋሉ። ይህ ሥራ የተቀደሰ ነው፤ ፖሊስም ሊያግዘው ይገባዋል። ነገር ግን ዕርቅ የመዝገብ መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ክሱ ሳይጻፍ፥ የተበዳዩ ቃል ሳይሰማ፥ ጣቢያው ውስጥ በሹክሹክታ የሚያልቅ ነገር ዕርቅ አይባልም፤ የነገር መሸጫ ነው እንጂ። እውነተኛ ሽማግሌ ያስታረቀውን በአደባባይ ይናገራል፤ ስለዚህ ያስታረቀው ነገር በመዝገብ ቢጻፍ አይከፋውም።

ይህ ሁሉ ሲጠቃለል ለእያንዳንዱ ወገን የሚደርሰው ሥራ የታወቀ ነው። የክልሉ ፖሊስ ኮሚሽን አንድ ዓይነት የእስረኛ መዝገብ አሳትሞ፥ ገጾቹን ቆጥሮና አትሞ ለየጣቢያውና ለየቀበሌው መስጠት ይገባዋል፤ የተቆጠረ ገጽ ሲቀደድ ይታወቃልና። የዞኑ መምሪያ ሳያስታውቅ መጥቶ መዝገቡን ከእስር ክፍሉ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል፤ በክፍሉ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ በመዝገቡ አሥር ስም ቢገኝ ሌላ ምርመራ አያሻውም፤ የጣቢያው ኃላፊ በዚያው ሰዓት መልስ ይስጥ። ዳኛው ጊዜ ቀጠሮ ከመፍቀዱ በፊት የመጀመሪያውን የመያዣ ወረቀት ይጠይቅ። ዐቃቤ ሕጉም በሳምንት አንድ ቀን ጣቢያውን ይጎብኝ። የወረዳው አስተዳዳሪ ለፖሊስ ትእዛዝ ሲሰጥ በጽሑፍ ይስጥ፤ የግል ባላጋራውንም በፖሊስ እጅ ከማሳሰር ይታቀብ። ካህኑና ሼኹ ደግሞ ሕጉ የሃይማኖት አማካሪ እስረኛን እንዲጎበኝ ፈቅዶላቸዋልና በዓልን ሳይጠብቁ ወደ ጣቢያው ይሂዱ፤ እስረኛውን በስሙ ይጠይቁ። የተጠየቀ ስም አይጠፋም።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ይባልበት የነበረው ዘመን አልፏል። ዛሬ ሕጉ ሹም ሁሉ እንዲጠየቅ ያዝዛል፤ የቀረው ጠያቂው በእጁ የሚይዘው ነገር ነው። ከከላላ ቆላ የተያዘ አንድ ገበሬ፥ ከያዘው ሚሊሻ ጀምሮ እስከ ፈረደበት ወይም ነጻ እስካወጣው ዳኛ ድረስ የእያንዳንዱ ሰዓት ባለቤት በቀለም ተጽፎ ሲገኝ፥ የፖሊስ አስተዳደር ተሻሻለ ለማለት ይቻላል። ያን ጊዜ በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆመው የተጣላው ሰው ብቻ አይሆንም፤ ፖሊሱም አብሮ ይቆማል። ሕዝቡም ፖሊሱን በሩቅ አይቶ መንገድ መለወጡን ይተዋል፤ የጠፋበትን በሬ ፍለጋ እርሱው ወደ ጣቢያው ይመጣል።